ዩዝድ ዚዮን ወይስ አዲስ ኮር አይ5? ሁለቱን ፕሮሰሰሮች ራሳችሁ ለክታችሁ የምታወዳድሩበት መመሪያ

ከፒያሳ እስከ ስታዲየም፣ ከሜክሲኮ እስከ ደንበል ባሉ የኮምፒውተር ሱቆች ለቢሮ «ጠንከር ያለ ማሽን» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ብዙ ጊዜ ሁለት ምርጫ ይቀርብለታል። አንደኛው ከውጭ የመጣ ዩዝድ ወርክስቴሽን ነው፤ ውስጡ ባለ 14 ኮር የሰርቨር ፕሮሰሰር አለ (ኮር ማለት ፕሮሰሰሩ ውስጥ ለብቻው ሥራ የሚሠራ ክፍል ነው)። ሁለተኛው እዚሁ የተገጣጠመ ባለ 6 ኮር አዲስ ዴስክቶፕ ነው። «14 ከ6 ጋር ምኑ ይወዳደራል?» ይላል ሻጩ። ይወዳደራል። እንዲያውም በአብዛኛው የቢሮ ሥራ ባለ 6ቱ ይቀድማል፤ ባለ 14ቱ የሚበልጥበት ሥራም አለ። የእናንተ ሥራ ከየትኛው ወገን እንደሆነ የሚታወቀው ሥራውን ይዞ ሄዶ በሰዓት በመለካት ነው።

ለምሳሌ የያዝናቸው ኢንቴል ዚዮን ኢ5-2680 ቪ4 (ባለ 14ቱ) እና ኢንቴል ኮር አይ5-12400 (ባለ 6ቱ) ናቸው። የሚቀርብላችሁ ሌላ ሞዴል ቢሆን፣ የኤኤምዲ ራይዘንና የሰርቨሩ ኢፒክም ቢሆኑ አካሄዱ ያው ነው።

መጀመሪያ ሙሉ ስሙን አረጋግጡ

«ሲፒዩ ስንት ነው?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ የሚነገራችሁ የሳጥኑ ዋጋ ነው፤ ስለዚህ የፕሮሰሰሩን ስም ለይታችሁ እስከ መጨረሻው ፊደል ጠይቁ። «ኢ5-2680» ብቻ በቂ አይደለም። ቪ የሌለው እ.ኤ.አ. የ2012ቱ 8 ኮር ነው፤ ቪ2 10፣ ቪ3 12፣ ቪ4 ደግሞ 14 ኮር አላቸው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የሚይዙት ዲዲአር3 ራም ነው፤ ኤቪኤክስ2 የሚባለው የትዕዛዝ ስብስብም የላቸውም። አንዳንድ አዳዲስ ፕሮግራሞች ያለ ኤቪኤክስ2 ጭራሽ ስለማይነሱ ከቪ3 በታች የሆነውን ሳትለኩም ተዉት። ከሰረዙ ቀጥሎ ያለው የመጀመሪያ ቁጥር በአንድ ማዘርቦርድ ላይ ስንት ፕሮሰሰር አብሮ ሊሠራ እንደሚችል ይናገራል፦ 1 ከሆነ ብቻውን፣ 2 ከሆነ እስከ ሁለት።

በኮር አይ5 በኩል 12400 እና 12400ኤፍ አንድ እንዳይመስሏችሁ። ኤፍ ያለበት ውስጡ ግራፊክስ ስለሌለው ለብቻው ካርድ ይፈልጋል። ዚዮን ኢ5ም እንደዚያው ግራፊክስ የለውም፤ የካርዱን ዋጋ ከሒሳባችሁ አታስቀሩ።

ማረጋገጫው ሲፒዩ-ዚ የምትባለው ትንሽ ነፃ ፕሮግራም ናት፤ ሊኑክስ ላይ ከሆናችሁ ተርሚናል ከፍታችሁ ኤልኤስሲፒዩ የሚለውን ትዕዛዝ ጻፉ። ስሙ ላይ «ኢኤስ» የሚል ካያችሁ፣ ወይም የፕሮሰሰሩ ክዳን ላይ በሞዴሉ ፋንታ «ኢንቴል ኮንፊደንሻል» ተብሎ ከተጻፈ፣ ለሽያጭ ያልታሰበ የሙከራ ናሙና ነው። ፍጥነቱ ከዋናው ሊያንስ ይችላል፣ አንዳንድ ማዘርቦርድም አይቀበለውም። ኢፒክ ለብቻው ተነቅሎ ሲሸጥ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ፦ አንዳንድ ሰርቨር አምራቾች ፕሮሰሰሩን ከራሳቸው ቦርድ ጋር ለዘለቄታው ይቆልፉታል፤ እንዲህ ያለው በሌላ ቦርድ ላይ አይነሳም። ሲነሳ ሳታዩ አትክፈሉ።

ወረቀቱ ምን ይላል

ዚዮኑ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ነው። 14 ኮር፣ 28 ትሬድ (ኮሩ በአንድ ጊዜ የሚያስኬደው የሥራ መስመር፤ እዚህ በየኮሩ ሁለት)፣ መነሻ 2.4 እና ከፍተኛ 3.3 ጊጋኸርዝ፣ 35 ሜጋባይት ካሽ (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ ትንሽ ፈጣን ማስታወሻ)፣ 4 የራም ቻናል (ራሙ ከፕሮሰሰሩ ጋር የሚገናኝበት መንገድ)፣ 40 የፒሲአይ ኤክስፕረስ መስመር (ካርዶች ከፕሮሰሰሩ ጋር የሚገናኙበት)፣ 120 ዋት። አይ5 የ2022 ነው፦ 6 ኮር፣ 12 ትሬድ፣ መነሻ 2.5 እና ከፍተኛ 4.4 ጊጋኸርዝ፣ 18 ሜጋባይት ካሽ፣ 2 የራም ቻናል፣ መነሻው 65 ዋት ሆኖ ለአጭር ጊዜ እስከ 117 የሚደርስ።

እዚህ ላይ ሦስት ነገር ሰው ያሳስታል። ዚዮኑ 3.3 የሚደርሰው ጥቂት ኮሮች ብቻ ሲሠሩ ነው፤ ሁሉም ሲነሱ ወደ 2.9 ይወርዳል። ጊጋኸርዝ ለጊጋኸርዝ ማወዳደርም አይሠራም፤ አዲሱ ኮር በአንድ ምት የሚጨርሰው ሥራ ከአሮጌው በጣም ይበልጣል። የፍጥነቱና የአዲስነቱ ውጤት ሲደመር የ12400 አንድ ኮር የዚህን ዚዮን አንድ ኮር በግምት እጥፍ ያህል ይሠራል። ሦስተኛው ራም ነው። ዲዲአር4-2400 በአንድ ቻናል በሰከንድ 19.2 ጊጋባይት ያሳልፋል፣ በ4 ቻናል 76.8። ዲዲአር4-3200 በ2 ቻናል 51.2 ነው። በወረቀት ዚዮኑ ይበልጣል፤ ግን ይህ እውነት የሚሆነው አራቱም ቻናል ላይ ራም ሲሰካ ብቻ ነው። አንድ ባለ 16 ጊጋባይት ራም ብቻ ተሰክቶበት ከተሸጠላችሁ የገዛችሁት 19.2 ነው።

ሥራችሁን ለዩ

አውቶካድ ሥዕል ሲያድስ፣ ኤክሴል ማክሮ ሲያስኬድ ሥራው የሚሄደው በአብዛኛው በአንድ ኮር ነው። ፒችትሪ ከኔትወርክ ላይ ተከፍቶ ሲንቀራፈፍ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የዲስኩና የኔትወርኩ ስለሆነ ፕሮሰሰር መለወጥ ብዙም አያመጣም። በሌላ በኩል የብሌንደር ሬንደር፣ ብዙ ቨርቹዋል ማሽን (በሶፍትዌር የሚፈጠር ኮምፒውተር) ባንድ ላይ ማስነሳት፣ ትልቅ ኮድ ኮምፓይል ማድረግ ያገኙትን ኮር ሁሉ ይጠቀማሉ።

የራሳችሁን ለማወቅ ሥራውን እያሠራችሁ ታስክ ማናጀርን ክፈቱ። የሚታየውን በመቶኛ ግን በጥንቃቄ አንብቡ። ባለ 28 ትሬድ ማሽን ላይ 4 በመቶ ካያችሁ «ፕሮሰሰሩ ሥራ ፈትቷል» ማለት አይደለም፤ 1 ለ28 ሲካፈል 3.6 በመቶ ነውና አንድ ኮር እስከ አፍ ጢሙ ሞልቶ ሌሎቹ ቆመው ያያሉ ማለት ነው። ባለ 12 ትሬዱ ላይ ያው ነገር 8 በመቶ ሆኖ ይታያል። ዊንዶውስ ሥራውን ከኮር ወደ ኮር እያዘዋወረ ስለሚያሠራ አንዱ ግራፍ ብቻ 100 ላይ ቆሞ ላታዩት ትችላላችሁ፤ ድምሩን እዩ።

ከዚያ ትንሽ ሒሳብ። ጂን አምዳል እ.ኤ.አ. በ1967 ያቀረበው ሐሳብ ዛሬም ይሠራል፦ ሥራው የቱንም ያህል ቢከፋፈል፣ የማይከፋፈለው ክፍል ፍጥነቱን ያስረዋል። 90 በመቶው ለኮሮች የሚከፋፈል ሥራ ያዙ። በ14 ኮር ፍጥነቱ ከአንድ ኮሩ 6.1 እጥፍ ይሆናል፤ 14 አይሆንም። በ6 ኮር 4 እጥፍ ነው። የአዲሱ አንድ ኮር እጥፍ ስለሚሠራ ያን 4 በ2 ስታባዙት 8 ይመጣል፤ 6ቱ 14ቱን አሸነፈ። የሚከፋፈለው 99 በመቶ ሲሆን ግን 14ቱ 12.4፣ 6ቱ (በ2 ተባዝቶ) 11.4 ይሆናሉ፤ ዚዮኑ በትንሹ ይቀድማል። ማለትም ለእነዚህ ሁለት ማሽኖች መስመሩ 98 በመቶ አካባቢ ነው፤ እንዲህ ያለ ሥራ ደግሞ በተለመደ ቢሮ ውስጥ ብርቅ ነው።

ኮሩን የሚቆጥረው ሶፍትዌሩም እንዳለ አትርሱ። ለሽያጭና ለስቶክ ፕሮግራሞች ብዙ ድርጅት የሚጠቀመው ነፃው ኤስኪውኤል ሰርቨር ኤክስፕረስ ከ4 ኮር በላይ አይነካም፤ ለእሱ ብቻ ብላችሁ 14 ኮር ከገዛችሁ 10ሩ ጌጥ ናቸው። ዊንዶውስ ሆም ደግሞ ሁለት ፕሮሰሰር ባለው ቦርድ ላይ አንዱን ብቻ ያያል፤ ለሁለቱም ፕሮ ያስፈልጋል።

ማሽኖቹን እኩል አዘጋጁ

ብዙ ንጽጽር የሚበላሸው እዚህ ነው። አንዱ ላይ ኤስኤስዲ ሌላው ላይ ሃርድ ዲስክ ካለ የለካችሁት ዲስክ ነው። የሚቻል ከሆነ አንድ ዓይነት ኤስኤስዲ ሁለቱም ላይ፣ ተመሳሳይ የዊንዶውስ ስሪት፣ የፓወር ፕላኑ ሁለቱም ላይ ሃይ ፐርፎርማንስ ይሁን። ሊኑክስ ከሆነ የፍጥነት ገዢው ፐርፎርማንስ ላይ ይደረግ። ዊንዶውስ አፕዴት ከጀርባ እያወረደ ከሆነ እስኪጨርስ ጠብቁ።

ራሙን በየቻናሉ አከፋፍሉ፦ ዚዮኑ ላይ 4 ተመሳሳይ ካርድ፣ አይ5 ላይ 2። የሰርቨር ራም ስትገዙ ሬጂስተርድ የሚባለው ዓይነት ዴስክቶፕ ቦርድ ላይ አይሠራም፤ ዚዮኑ ላይም ሬጂስተርዱንና ተራውን ቀላቅላችሁ ብትሰኩ ማሽኑ አይነሳም። ሻጩ «ራም ራም ነው» ካላችሁ ካርዱ ላይ ያለውን ጽሑፍ ራሳችሁ አንብቡ፤ ከፍጥነቱ ቁጥር ቀጥሎ አር ፊደል ያለበት ሬጂስተርድ ነው።

ዩዝዱ ማሽን ላይ ሌላም ሥራ አለ። የደረቀ ቴርማል ፔስት አስጠርጋችሁ አዲስ አስቀቡ፣ ሂትሲንኩ (ሙቀት የሚያስወጣው ብረት) ውስጥ የገባውን አቧራ አስነፉ። ለቪ3 የተሠራ ቦርድ ላይ ቪ4 የተገጠመ ከሆነ ባዮሱ (የቦርዱ የማስነሻ ፕሮግራም) የታደሰ መሆኑን እዩ፤ ካልታደሰ ማሽኑ ጥቁር ስክሪን ይዞ ይቀራል።

መለኪያዎቹና አሠራራቸው

ፍላሽ ላይ ሰቨን-ዚፕ (ፋይል መጠቅለያ)፣ ሲኒቤንች አር23 (በሬንደር የሚፈትን)፣ ኤችደብሊውኢንፎ (የማሽኑን ሰንሰሮች የሚያነብ) እና የራሳችሁን የሥራ ፋይል ጭናችሁ ሂዱ። ኤችደብሊውኢንፎን ቀድማችሁ ክፈቱና ሰንሰሮቹን ብቻ እንዲያሳይ አድርጉ፤ ፈተናው በሚካሄድበት ጊዜ ሁሉ የኮሮቹን ትክክለኛ ፍጥነት፣ ሙቀቱንና «ቴርማል ትሮትሊንግ» (በሙቀት ምክንያት ፍጥነት መቀነስ) የሚለውን መስመር ትከታተላላችሁ።

ሰቨን-ዚፕ ላይ ቱልስ ከሚለው ሜኑ ቤንችማርክን ምረጡ። መጀመሪያ የትሬዱን ቁጥር 1 አድርጋችሁ ውጤቱን ጻፉ፤ ይህ የአንድ ኮር ጉልበት ነው። ቀጥሎ ሁሉንም ትሬድ ሰጥታችሁ ድገሙት። መጠቅለያውና መፍቻው ለየብቻ ውጤት ይሰጣሉ፣ ደባልቃችሁ አታንብቡ፦ መጠቅለሉ ራሙና ካሹ ምን ያህል ቶሎ እንደሚመልሱ ያሳብቃል፤ መፍታቱ ግን የኮሩን የራሱን ፍጥነት ነው የሚያሳየው። መስኮቱ ፈተናው የሚፈልገውን ራም ያሳያል፤ ካላችሁ በላይ ከሆነ ዲክሽነሪ የሚለውን መጠን ሁለቱም ማሽን ላይ እኩል ቀንሱ። አንዱ ላይ 32 ሜጋባይት ሌላው ላይ 16 አድርጋችሁ ያወጣችሁት ውጤት አይወዳደርም።

ሲኒቤንች አር23 ሳትነኩት 10 ደቂቃ ይሠራል። አታሳጥሩት። አይ5 መጀመሪያ ላይ እስከ 117 ዋት እየሳበ ይሮጣል፣ ማዘርቦርዱ ገደቡን ካልለወጠው ከ28 ሰከንድ ገደማ በኋላ ወደ 65 ዋት ይመለሳል። የአንድ ደቂቃ ፈተና የሩጫውን መነሻ ነው የሚያሳያችሁ፤ ሁለት ሰዓት ለሚፈጅ ሬንደር የምትፈልጉት ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። ዚዮኑ በዚህ በኩል ረጋ ያለ ነው፣ የጀመረበትን ፍጥነት ይዞ ይዘልቃል፤ ካልያዘ ማቀዝቀዣው ታሟል። የአር23ን ነጥብ ከሲኒቤንች 2024 ነጥብ ጋር አታስተያዩ፣ መለኪያቸው ሌላ ነው።

ጊክቤንች 6 የሚባለውን የፍጥነት መለኪያ ለዚህ ጉዳይ ብዙም አንመክርም። ብዙ ኮሮች አንድ ሥራ ላይ ተባብረው የሚሠሩበትን ሁኔታ እንዲመስል ስለተቀየረ ኮር የበዛባቸው ሰርቨሮች እዚያ ላይ ደካማ መስለው ይታያሉ። ለተራ ተጠቃሚ ትክክል ነው፤ ሃያ ቨርቹዋል ማሽን ለሚያስነሳ ሰው ግን ያሳስተዋል።

ከሁሉም የሚበልጠው የራሳችሁ ሥራ ነው። ቪዲዮ የምትሠሩ ከሆነ አንድ የ5 ደቂቃ ፕሮጀክት በተመሳሳይ አቀማመጥ ከሁለቱም አውጡና በስልክ ሰዓት ለኩ። ኢንኮዲንጉን ሃርድዌር ላይ ካደረጋችሁት የምትለኩት የአይ5ን ውስጣዊ ግራፊክስ ወይም የዚዮኑን ካርድ ነው። ፕሮሰሰሩን ለማየት ሶፍትዌር ላይ አድርጉት፣ ነገር ግን የዕለት ተዕለት ሥራችሁ በሃርድዌር ከሆነ እሱንም ለዩና ለኩ፤ በመጨረሻ የሚያገለግላችሁ እሱ ነው። ኢታብስ ላይ የሕንፃ ሞዴል የምታሰሉ መሐንዲሶች ከትናንሾቹ ሳይሆን ቢሮ ውስጥ ካለው ትልቁ ፋይል ያዙ፤ ትንሹ ራሙን ሳይነካ ካሽ ውስጥ አልቆ ይቀራል። ዳታቤዝ ከሆነ ፒጂቤንችን (የፖስትግሬስ ዳታቤዝ መለኪያ) በ1፣ በ8 እና በ32 ተጠቃሚ አስኪዱት። በ1 አይ5 እንደሚመራ ጠብቁ፤ ቁም ነገሩ በ32 ላይ ያለው ልዩነት ነው።

እያንዳንዱን ፈተና አራት ጊዜ አስኪዱ። የመጀመሪያውን ጣሉት፣ ፋይሉ ገና ከዲስክ ስለሚነበብ ይዘገያል። ከቀሩት ሦስቱ መካከለኛውን ውሰዱ። ሦስቱ እርስ በርስ ከ3 በመቶ በላይ ከተራራቁ የሆነ ነገር ከጀርባ እየሠራ ነው ወይም ሙቀት ገብቷል፤ ሳታጣሩ ወደ ሚቀጥለው አትለፉ።

ከፍታና መብራት

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ከባሕር ጠረፉ በ20 በመቶ ያህል ስለሚሳሳ ያው ፋን ያንኑ ያህል ቢሽከረከርም የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። ብዙ ሰርቨር አምራቾች ከ900 ሜትር ገደማ በላይ በየ300 ሜትሩ የሚፈቀደውን የክፍል ሙቀት በ1 ዲግሪ እንድትቀንሱ በማኑዋላቸው ይጽፋሉ፤ ለእኛ ከተማ 5 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ዱባይ ወይም ሻንጋይ የተለካ የሙቀት ቁጥር እዚህ አይሠራም። የከተማው ብርድ ያካክሰዋል፣ ነገር ግን ማሽኑ መስኮት በሌለው የመዝገብ ክፍል ውስጥ የሚቀመጥ ከሆነ አያካክስም፤ ፈተናውን ማሽኑ በሚውልበት ክፍል፣ ከሰዓት በኋላ፣ ክዳኑ ተዘግቶ አድርጉት። ሱቅ ውስጥ ጎኑ ተከፍቶ የተለካ ሙቀት ሁልጊዜ ያምራል።

ሶኬት ላይ የሚሰካ የዋት መለኪያ ያዙና ሁለት ቁጥር ጻፉ፦ ማሽኑ ዝም ብሎ ሲቀመጥ የሚስበውን፣ ሲኒቤንች ከጀመረ ከ5 ደቂቃ በኋላ የሚስበውን። የፕሮሰሰሩ 120 እና 65 ዋት እዚህ አያገለግልም፤ የምትከፍሉት ለጠቅላላው ማሽን ነው። ልዩነቱ 60 ዋት ሆኖ ካገኛችሁት ቀንና ሌሊት ለሚሠራ ሰርቨር በ30 ቀን 43.2 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል፤ የቢሯችሁን ታሪፍ ከመብራት ቢሉ ላይ አይታችሁ አባዙት። ያው የዋት ቁጥር ለዩፒኤሱም ያስፈልጋል። ዩፒኤስ ላይ በጉልህ የሚጻፈው ቪኤ (ቮልት-አምፔር) ነው፣ ዋቱ ከዚያ ያነሰ ነው፤ አይ5ን ተሸክሞ የኖረ ዩፒኤስ ዚዮኑ በሙሉ ጉልበት እየሠራ መብራት ሲሄድ አብሮት ሊጠፋ ይችላል። ነቅላችሁ ሞክሩት።

ውጤቱን አንብቡ

ለእያንዳንዱ ሥራ አሮጌው የፈጀውን ሰከንድ ለአዲሱ ሰከንድ አካፍሉ፤ ከ1 በላይ ከሆነ አዲሱ ይቀድማል። ቁጥሮቹን ደምራችሁ አማካይ ከማውጣት ይልቅ በሳምንት ስንት ሰዓት ያንን ሥራ እንደምትሠሩ አስቡና በዚያው መዝኑት። በሳምንት 30 ሰዓት አውቶካድ ላይ ተቀምጦ 2 ሰዓት ሬንደር የሚያደርግ ቢሮ ለሬንደሩ ብሎ ዚዮን መግዛት የለበትም። ሬንደሩ ሌሊት ቢያድር ማን ይጎዳል?

ዚዮኑን መግዛት ያለበት ሌላ ሰው ነው። ከ128 ጊጋባይት በላይ ራም የሚፈልግ ሰው አይ5-12400 ጋር ጉዳይ የለውም፣ የመጨረሻ ገደቡ ያው ነው። የተበላሸች ቢት አግኝቶ የሚያርመው የኢሲሲ ራም ለሒሳብ ዳታቤዝና ወር ሙሉ ለማይጠፋ ሰርቨር ዋጋ አለው፤ ይህን ጥቅም የትኛውም የፍጥነት ፈተና አያሳያችሁም። ብዙ ግራፊክስ ካርድ ወይም የኔትወርክ ካርድ ለሚሰካም 40ው መስመር ያገለግለዋል። በተቃራኒው ዊንዶውስ 11 ይህን ዚዮን በይፋ ከሚደግፋቸው ውስጥ አላስገባውም፣ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ሊኑክስ ወይም የቨርቹዋል ማሽን ሲስተም ለምትጭኑ ችግር አይደለም፤ ለሒሳብ ሠራተኛ ጠረጴዛ ግን ነው።

ሁለት ዚዮን ያለበት ቦርድ «28 ኮር» ተብሎ ከቀረበላችሁ ሰቨን-ዚፕንና የራሳችሁን ሥራ በሁለቱም ፕሮሰሰር፣ ቀጥሎም ለአንዱ ፕሮሰሰር ብቻ ወስናችሁ አስኪዱ። ራሙ ለሁለቱ ፕሮሰሰሮች እኩል ተከፍሎ ካልተሰካ አንዱ ዳታውን በሌላው በኩል እየዞረ ስለሚያመጣ ሁለተኛው የሚጨምረው ከግማሽ በታች ሊሆን ይችላል። ራሙን አስተካክላችሁ ድገሙት፤ አሁንም ካልተሻለ ሥራችሁ ሁለት ፕሮሰሰር አይፈልግም፣ አንድ ያለበትን በርካሽ ውሰዱ።

ከመክፈላችሁ በፊት የማሽኑን ክዳን ክፈቱና የፓወር ሰፕላዩን ሶኬቶች እዩ። እንደ ኤችፒ ዜድ440 ያሉ ወርክስቴሽኖች የራሳቸው ዓይነት ፓወር ሰፕላይ ስላላቸው ከተራው ገበያ የተገዛ አይገጥምባቸውም። መለዋወጫው ከተማ ውስጥ መኖሩን ሻጩን ጠይቁና ዋስትናው ላይ «ፓወር ሰፕላይን ጨምሮ» ብሎ በጽሑፍ እንዲያኖርላችሁ አድርጉ።